«ሠራተኛ» የምትል ቃል ይዤ ቴፒ ወረድኩ

ቴፒን አይታችሁ የማታውቁ ብዙ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። እኔም እስከዚያ ጥር ድረስ ከጅማ ወዲያ ያለውን አገር የማውቀው መርካቶ ውስጥ በተደረደሩ የቅመም ጆንያዎች ላይ ከተጻፈው ስም ነበር። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መካከል ነው፤ ሞባይል ገና የትልልቅ ሰዎች ጌጥ የነበረበት። የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ እንጀራዬ ጥልፍ። ባለሱቆች ቀሚሱን ቤቴ ድረስ ያመጡልኛል፤ እጠልፋለሁ፤ መጥተው ይወስዳሉ። እንደኔው ቤታቸው ተቀምጠው ለሌላ ሰው የሚሠሩ ሴቶች ያቋቋምነው አንድ ትንሽ ማኅበር አለን። ከመካከላችን አንዳችንን በየአገሩ እየላከ፣ እንዲህ የሚውሉ ሴቶች ሠራተኞች መሆናቸውን፣ መብትም እንዳላቸው ያስረዳል። ወደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ መሄድ የነበረባት ሰብሳቢያችን ነበረች። ወገቧን ታመመችና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ ደግሞ ስጋታም ነኝ። እናቴ «አንቺን ገና ሳይነጋ የሚመሸው ያስጨንቅሻል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ከሞት ባልተናነሰ እፈራለሁ። ሰብሳቢያችን ይህን ስለምታውቅ ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፋ ሰጠችኝ፤ «ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ» ብላ። ወረቀቱን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ መሐል ሸጎጥኩት።

ሰኞ

አውቶቡስ ተራ ሳይነጋ ደረስኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ነጥቆ ጣራ ላይ ሲወረውረው ልቤ አብሮት ተወረወረ። «ወንድሜ፣ ወረቀት አለው!» ስለው «ወረቀት አይሰበርም እናቴ» አለኝና ሌላ ሻንጣ ጫነበት።

የግቤን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ዓይን መጨፈን ለሾፌሩ እንጂ ለአንቺ ምን ችግር አለው፣ ተኚ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ማታ ጅማ አደርን። የያዝኩት ክፍል በር ቁልፉ ተነቅሎ ሸምበቆ ተሰክቶበታል። ወንበሩን ከበሩ ላስጠጋ ስታገል የሆቴሏ ባለቤት አየችኝ። ከገዛ ቁም ሳጥኗ ላይ ጓጉንቸሯን ፈትታ አመጣችልኝ። «የኔ ልብስ አንድ ቀን ሳይቆለፍበት ቢያድር አይሞትም» አለች። ሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ ለኔ ጓጉንቸር ትፈታልኝ እንደሆነ እያሰብኩ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከጅማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ኬላ ላይ ቆምን። ፖሊሱ እየዞረ መታወቂያ አየ። የኔን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሥራ፣ የቤት እመቤት። ታዲያ ባልሽን ጥለሽ ወዴት ነው?»

«ባል የለኝም።»

«ባል ከሌለሽ የማን እመቤት ነሽ?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ጥልፍ እንደምጠልፍ፣ ቀበሌ ይህን ስነግራቸው ጸሐፊው «እሱ ሥራ አይደለም፣ ቤት ነው የምትውዪው» ብሎ እንደጻፈብኝ ልነግረው አፌ ላይ ደረሰ። አውቶቡሱን ያስቆምብን ይሆናል ብዬ ፈራሁና ዋጥኩት።

ቦንጋ ላይ አንድ ሰው ለልጃቸው ሠርግ ሚዛን የሚወስዱትን ማር በትልቅ ጀሪካን ይዘው ተሳፈሩ። ጀሪካኑም ጣራ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጥር መሆኑን ሰማዩ የረሳው ይመስል ዘነበ። እኛ ጋ ጥር አቧራ ነው፤ እዚያ ደኑ ራሱ ዝናብ ያመርታል። አውቶቡሱ ከአንድ ዳገት ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሁላችንም ወርደን ስንገፋ አንዱን ጫማዬን ጭቃው ዋጠው፤ ብንፈልግ ብንፈልግ ጠፋ። ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሴት ውኃ በቅል ይዛ መጣች። እግሬን አስታጥባ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ሰጠችኝ፤ የራሷን ላስቲክ ጫማም አወለቀችልኝ። «በምን እመልስልሻለሁ?» አልኳት። «ረዳቱ በየቀኑ ያልፋል» አለች በቀላሉ። ስመለስ ጫማውን በረዳቱ ልኬላታለሁ፤ እንደደረሳት ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያሳስበኛል።

ሚዛን ስንደርስ ሻንጣዬ ከጣራ ላይ ወረደ። ከበደኝ። ከፈትኩት። የጀሪካኑ ክዳን ለቆ ኖሮ ማሩ እስከ ታች ዘልቋል። የሠርጉ ባለቤት ራሳቸውን ያዙ። «እኅቴ ይቅር በይኝ፤ ማር ነው እንጂ መርዝ አይደለም» አሉኝ። እኔ ግን የታየኝ ንግግሩ ነበር። ገጾቹ ተጣብቀው እንደ አንድ ድፎ ሆነዋል። እንዲደርቁ አልቤርጎው መስኮት ላይ አስጥቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ወረቀቱ የለም፤ በወረቀቱ ቅርጽ የተሰለፈ የጉንዳን ሠራዊት ግን አለ።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ስብሰባ ከሚዛን ዝቅ ብላ ባለችው አማን ከተማ ነበር። የቀበሌው ሰው «ሰዉን በምን ብለን እንጥራው?» ሲለኝ የሰብሳቢያችን ርዕስ አልመጣልኝ አለ። «ቤታቸውን የሥራ ቦታ አድርገው…» የሚል ረዥም ነገር ነበረው። እሱ ደግሞ ቸኩሏል። «የቤት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች በል» አልኩት።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ጥቂት እናቶች ደብተር ከያዙ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከፊት ደግሞ አንድ መምህር አሉ። ገና ሳልጀምር እጃቸውን አነሡ። «በመጀመሪያ ስለመጡልን እናመሰግናለን። የቤት ሥራ የማይሠሩ ተማሪዎች ቁጥር በእውነቱ አሳሳቢ ነው» አሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መምህሩ ነገሩን ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ከዚያ ቤታቸው ወስደው ቆጮ በማር አበሉኝ። ማር ማየት አስጠልቶኝ ስለነበር ቆጮውን ብቻ በላሁ። «ቃሉን አስተካክዪው፤ ሠራተኛ የሚለው ይግባበት» ብለው መከሩኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ

በሸኮ በኩል ቴፒ ደረስኩ። ቴፒ ይሞቃል፤ ዛፉ፣ ቡናው፣ ሙዙ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ሰማይ የሚታየው በቀዳዳ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ስብሰባው ለነገ ጠዋት እንደሚጠራ ነግሮኝ፣ ማረፊያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ላከኝ። «ሰው ማሳደር ያውቁበታል» አለ።

እትዬ አስካለ የከፋ አገር ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ግቢያቸው ስገባ ደነገጥኩ። መሬቱ ቢጫ ነው። በየሰሌኑ እርድ ተሰጥቷል፤ ጥግ ላይ በግማሽ በርሜል እርድ ይፈላል፤ አጥሩ ሥር የጥሬ እርድ ጆንያ ተደርድሯል። እሳቸው ራሳቸው እስከ ክርናቸው ቢጫ ናቸው። በርጩማ ሰጡኝ፤ በሚጥሚጣና በዝንጅብል የተፈላ የቡና ቅጠል በቅል አቀረቡልኝ። አፌን አቃጠለኝ፤ ግን ድካሜን አወጣልኝ።

«ሥራዎ ምንድን ነው እትዬ?» አልኳቸው፣ መልሱን ከራሳቸው አፍ ልስማ ብዬ።

«ምን ሥራ አለኝ ልጄ» አሉ በርሜሉን እያማሰሉ። «እንዲያው ቤት ነው የምውለው።»

«ይኼስ?»

«ይኼማ የፈለቀ እርድ ነው።»

አቶ ፈለቀ የቅመም ነጋዴ ነው። በየሰፈሩ ጆንያ በጋሪ ያስወርዳል፤ ሴቶቹ ይቀቅላሉ፣ ይከትፋሉ፣ ያሰጣሉ፤ ጋሪው ተመልሶ ይወስዳል። የበርበሬው ሥራ ስላለፈ እርዱ ከሌለ ክረምቱን የሚያሻግራቸው ሌላ ነገር እንደሌለ እትዬ አስካለ እንደ ዋዛ ነገሩኝ። እንደኔው መሆናቸው ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ጎረቤታቸው ትርንጎ በእንጨት ተደግፋ መጣች። ወጣት ናት፤ አፏን የፈታችው በቤንች ቋንቋ ነውና አማርኛዋ ውስጥ እኔ «አንተ» ሆኛለሁ። «አንተ እንደምን መጣህ?» ስትለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ወንድ ፈለግኩ፤ ሁለቱም ሳቁብኝ። እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በርሜሉ ተገልብጦ የፈላው ውኃ አቃጥሏታል። ጨርቁን ስትፈታው አፌን በእጄ ያዝኩ፤ አመርቅዟል።

«ጤና ጣቢያ አልሄድሽም?»

«ማን ይወስደኛል? ፈለቀን ለመንነው። ‹እሷ የኔ ሠራተኛ አይደለችም፤ የቤት እመቤት ናት፤ በገዛ ቤቷ ነው የተቃጠለችው› አለ።»

ይኼኔ ከመንገድ ድምፅ ማጉያ ተሰማ። የቀበሌው ጥበቃ እየዞረ ነው። ጠዋት ለጸሐፊው አስተካክዬ የሰጠሁትን ቃል በሙሉ ጉሮሮው ይጮኻል። «የቤት ሠራተኞች በሙሉ! የቤት ሠራተኞች በሙሉ! መብታችሁን የምታስረዳ ሴት ከአዲስ አበባ ስለመጣች ነገ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ እንድትገኙ!»

እትዬ አስካለ ማማሰያውን አቆሙ። «የሰው ቤት ሠራተኞችን ልትሰበስቢ ነው የመጣሽው? ደግ ነው፤ እነሱም ይበደላሉ።»

«አይደለም እትዬ፤ እናንተንም ነው። እርስዎንም ነው።»

«እኔን?» ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ የማን ቤት ስጠርግ አየሽኝ?»

ላስረዳ ብሞክር የባሰ አወሳሰብኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ይኼ ነው። እትዬ አስካለ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ

አዳራሹ ውስጥ ከእርድ ሴቶቹ አንዲትም አልመጣችም። የመጡት ለገበያ ከተላኩበት ዘንቢላቸውን እንደያዙ የገቡ ጥቂት ልጃገረዶች ናቸው፤ ተቀጥረው የሰው ቤት የሚሠሩ። በር ላይ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ ቤት ያለችውን ልጅ ልታስኮበልዪብኝ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽው?» አለችኝ። የፈለቀ ሚስት ናት። ከኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳም መብት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ነው» አልኳት። ከዚህ በላይ የሚረባ ነገር አልነገርኳትም፤ አሁንም ይቆጨኛል። ወዲያው አሠሪዋ በዓይኗ ጠራቻትና ወጣች።

የፈሩት ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ የእትዬ አስካለ ደጃፍ ጋሪ ቆመ። ጋሪ ነጂው አንገቱን ደፍቶ «አቶ ፈለቀ ጆንያዎቹን አምጣ ብሎኛል። ሠራተኛ የምታሳድም ሴት ያሳደረች ሰው ቤት የኔ እርድ አይቀመጥም አለ» አለ። ጥሬውንም፣ ተቀቅሎ ገና ያልደረቀውንም በጆንያ እየሞላ ጫነ። እትዬ አስካለ በርሜላቸውን ደፍተው ውኃውን አፈሰሱ። ግቢው ባዶ ሲሆን ቢጫው መሬት ብቻ ቀረ።

አለቀስኩ። «ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ በኔ ምክንያት ነው፤ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አልኩ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «እንግዳ ከቤቴ እያለቀሰ አይወጣም። የሰፈሩ ሰው ምን ይለኛል?» እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው አቀረቡልኝ።

ንግግሩን ጉንዳን በላው፤ ያሳጠርኳቸው ቃላት ጉድ ሠሩኝ። የቀረኝ የራሴ ነገር ብቻ ነበር። ኬላው ላይ ፖሊሱ ያለኝን ነገርኳቸው፤ በ«የማን እመቤት ነሽ» ፈገግ አሉ። ባለሱቁ ቀሚስ እንደሚያመጣልኝ፣ ሌሊቱን ስጠልፍ ዓይኔ እንደሚያለቅስ፣ መርፌ ጣቴን ወግቶት አብጦ ሥራ በፈታሁ ጊዜ ባለሱቁ «አንቺ የኔ ሠራተኛ አይደለሽም» እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«አንቺም ቤት ነው የምትውዪው?»

«አዎ።»

«እጅሽን አምጪ።» ጣቶቼን አንድ በአንድ በቢጫ ጣታቸው ዳሰሱ፤ የመርፌውን ጠባሳ ሲያገኙት ቆም አሉ። «ታዲያ መጀመሪያ ይኼን አትነግሪንም ነበር! ምን ድምፅ ማጉያ ያስለፈልፋል?»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከአጥር አጥር ሲሄዱ ይታየኛል። በየደጃፉ ቆመው የሚያወሩት በማላውቀው ቋንቋ ነው። አንዷ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ «አበቃልን፣ ተጣሉ» እላለሁ፤ ሌላዋ ስትስቅ «የምትስቀው በኔ ነው» እላለሁ። ሲመለሱ ምን እንዳሉ ብጠይቃቸው «ተኚ» ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሪው የትናንቱን ጭነት ይዞ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለው ቤት ቆመ። የቤቱ እናት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «ይቅርታ ልጄ፤ እኔ ሥራ የለኝም፤ የቤት እመቤት ነኝ» አለችው። ወደሚቀጥለው ሄደ። «ሥራ አልሠራም፤ ቤት ነው የምውለው።» ወደ ትርንጎ ሄደ። «አንቺ ተሳስተሃል» አለችው ሳቋን ይዛ፤ «እኔ እመቤት ነኝ።» ጋሪ ነጂው ላብ አጠመቀው። ተቀቅሎ ያልደረቀ እርድ በጆንያ ታምቆ ከዋለ ይሞቃል፣ ይጠቁራል። ሰማዩ ደግሞ ደመና መያዝ ጀምሯል። የሚያስፈራኝ እሱ ነበር፤ እርዱ ቢበላሽ ለዚያም ዕዳው እትዬ አስካለ ላይ ይወድቃል ብዬ።

ፈለቀ ራሱ መጣ። ጨካኝ ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ኮቱን ወደ ውስጥ ገልብጦ የለበሰ፣ የተደናገጠ ሰው ነው። እርዱን በእጁ ዝቆ አሸተተው። ከዚያ መንገዱ መሐል ቆሞ ጮኸ።

«ሠራተኞቼን ማን ነው ያሳደመብኝ?»

እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል። ፈለቀን አንዲት ፌስታል ይዞ ቴፒ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ «አንተ» ነው የሚሉት።

«ማንን አልክ?»

«ሠራተኞቼን ነዋ!»

«እሰይ። አፍህን ቁርጥማት አይንካው።» ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ጨርቁን ፍቺለት። የሠራተኛህ እግር ይኸውልህ።»

ፈለቀ አየና ዓይኑን አዞረ። «እሷ… በገዛ ቤቷ…»

«በገዛ ቤቷ የማንን እርድ ስትቀቅል?»

ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው ያዩታል። እኔ ከአጥሩ ኋላ ጣቴን እየነከስኩ «አሁን ይቆጣል፣ አሁን ያባርራቸዋል» እያልኩ ነበር። ፈለቀ ደመናውን አየ፣ ጆንያውን አየ። በመጨረሻ ወደ ጋሪ ነጂው ዞሮ ቀስ ብሎ «አውርደውና እሷን ጫን» አለ። ጆንያዎቹ እትዬ አስካለ ግቢ ወረዱ። በምትካቸው ትርንጎ ወጣች፤ ጋሪው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ፈለቀም ኮቱን መገልበጡን አሁን አይቶት ኖሮ እያወለቀ ከኋላዋ በእግሩ ተከተለ።

ዝናቡ ሳይመጣ ሁላችንም ገብተን እርዱን አሰጣን። እኔም አሰጣሁ።

እሑድ

እትዬ አስካለ አንድ እፍኝ የደረቀ እርድ በፌስታል ቋጥረውልኝ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ እኔ ነኝ ያወራሁት። «ነገ ቂም ቢይዝብዎትስ? ጆንያውን ሌላ ሰፈር ቢወስደውስ? ማኅበር ብትመሠርቱ…» እሳቸው «ይሆናል» ይላሉ፣ «ሊሆን ይችላል» ይላሉ። የሚያጽናና ነገር አልነገሩኝም። ቢያንስ ሐኪሙ ትርንጎ በጊዜ ስለደረሰች እግሯ አይቆረጥም ማለቱን በማለዳ ሰምተናል።

አውቶቡሱ ገና አልሞላም ነበር። ብቻዬን መቀመጥ ፈራሁ። «እትዬ፣ እስኪሞላ ድረስ አብረን እንቀመጥ። ምን ያስቸኩልዎታል?» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«አልችልም ልጄ» አሉኝ እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው እያስለቀቁ። «ሥራ አለብኝ።»